የትምህርት ቤት ሒሳብና ንብረት አስተዳደር ታሪካዊ አመጣጥ፤ ማሻንና የደቡብ ምዕራብ ቡና አብቃይ አገሮችን መነሻ በማድረግ

መግቢያ

ስለ ትምህርት ታሪክ የሚጻፉት ጽሑፎች በአብዛኛው ስለ መምህሩ፣ ስለ ተማሪውና ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ይናገራሉ። ጠመኔው በምን ገንዘብ እንደ ተገዛ፣ ዴስኩ በማን መዝገብ ላይ እንደ ሰፈረ፣ የመምህሩ ደመወዝ በስንት ፊርማ አልፎ ከእጁ እንደ ደረሰ የሚያወሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ዕውቀት የሚገበይበት ቦታ ከመሆኑም በላይ ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ንብረት የሚጠበቅበት፣ ሕንፃ የሚጠገንበት ድርጅት ነው። ይህን ሥራ የሚያከናውነው ሰው በልዩ ልዩ ዘመን ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ የሒሳብ ሹም እየተባለ ሲጠራ ቆይቷል። በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለብቻው መደብ ሳይወጣለት በርእሰ መምህሩ ወይም ከክፍሉ በሚጠራ አንድ መምህር ትከሻ ላይ ተደርቦ ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኢትዮጵያ የዚህን ሥራ አመጣጥ በቅደም ተከተል መመልከትና ለዛሬው መምህርና ዕቅድ አውጪ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረጠችው ማሻ ናት። ማሻ በሸካ ደጋ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኝ፣ ዝናብ የሚበዛባትና ከአዲስ አበባ በመንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት። ከእርስዋ ዝቅ ብለው ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚዘልቁት አገሮች የቡናና የቅመማ ቅመም ምድር ናቸው። ከማዕከል የወጣ መመሪያ፣ በጀትም ሆነ መጽሐፍ እዚህ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል፤ ስለዚህም የአስተዳደር ጥንካሬና ድክመት እንደዚህ ባለው ሥፍራ ጎልቶ ይታያል።

ታሪኩን የተመለከተ ሰው አንድ ተደጋጋሚ ነገር ይገነዘባል። ገንዘብና ኃላፊነት ወደ ትምህርት ቤቱ በቀረቡ ቁጥር፣ ሒሳቡንና ንብረቱን ለመያዝ የሠለጠነው ሰው አብሮ አልተላከም። የጎደለው ሰው ዋጋ ሲከፈል የኖረውም በማስተማሪያ ሰዓትና በሕዝብ አመኔታ ነው።

አለቃ፣ ገበዝና መጋቢ

የማስተማርን ሥራ ገንዘብና ንብረት ከመጠበቅ ሥራ መለየት ከውጭ የመጣ አሳብ እንደ ሆነ አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አለቃው ደብሩን ያስተዳድራል፤ መሪጌታው ዜማውንና ትምህርቱን ይመራል፤ ገበዙ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ይጠብቃል። በገዳምም አበ ምኔቱ የማኅበሩ አባት ሲሆን፣ የእህሉንና የልብሱን፣ የገቢውንና የወጪውን ነገር የሚያስበው መጋቢው ነው። መምህሩ የኔታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲውል የጎተራውን ቁልፍ በወገቡ አይታጠቅም ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ፤ እነርሱም የማዘዝ ሥልጣን፣ የመጠበቅ ኃላፊነትና የማስተማር ሙያ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ተማሪው የሚኖረው ቁራሽ ለምኖ ስለ ነበረ የትምህርቱ ወጪ በመዝገብ አይሰፍርም ነበር። ያም ሆኖ መጋቢነት የተከበረ ማዕርግ እንጂ የበታች ሎሌ ሥራ አልነበረም። የኋለኛው ዘመን ትምህርት ቤት ከዚህ ውርስ የወሰደው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ሸካ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ፍጻሜ ድረስ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር አገር ነበር። ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ሞቻ አውራጃ ተብሎ ተደራጀ። ከዚህም የተነሣ ዘመናዊ ትምህርት ወደ አካባቢው ሲገባ አስተዳደሩ የተዘረጋው ከጎሬ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ መቱ ከተዛወረ በኋላም ከመቱ ነበር።

ሁሉም ከማዕከል በሚታዘዝበት ዘመን

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1917 ዓ.ም. ሲመሠረት ወጪያቸው በአብዛኛው ከቤተ መንግሥት ይሰጥ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂቶች፣ መሥራቾቻቸውም ቅርብ ስለ ነበሩ ሒሳቡ ከጥቂት ሰዎች እጅ አይወጣም ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ግን ሥራው ተለወጠ። በዚያን ጊዜ ተማሪን ወደ ትምህርት ቤት ለመሳብ ሲባል በየአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምግብ፣ ልብስና መኝታ ጭምር ይሰጥ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ግምጃ ቤት አይኖርም። ብርድ ልብሱ ይቆጠራል፣ ጤፉ ይሰፈራል፣ ለወጥ ቤቱ የወጣው በርበሬ ይመዘናል። የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የሚባለው ሥራ በአገራችን በግልጽ የሚታየው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በጀቱ ከማዕከል የሚመደብ፣ ደመወዙም ከማዕከል የሚታዘዝ ስለ ነበረ በሩቅ አገር ያለው ርእሰ መምህር ተቀባይ እንጂ አዛዥ አልነበረም። ድካሙ የተላከለትን ቆጥሮ መረከብና ደመወዝ ሲዘገይ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት መጻፍ ነበር።

የትምህርት ግብር

በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1947) የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ ነው። አዋጁ በመሬት ላይ የተጣለውን የትምህርት ግብር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የሚያደርግ ሲሆን፣ ወጪውን በየአካባቢው የሚቈጣጠሩ የትምህርት ቦርዶች እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። አሳቡ ቀና ነበር። ግብር የከፈለው ገበሬ የገንዘቡን ፍሬ በመንደሩ እንዲያይ፣ የመንደሩም ሰው በአወጣጡ ላይ ቃል እንዲኖረው የታሰበ ነበር።

በሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለት ችግሮች ተከሰቱ። አንደኛው፣ ግብሩ የሚሰበሰበው በመሬት ስለ ሆነ መሬቱ የተለካበትና ባለ ርስቱ የበዛበት ጠቅላይ ግዛት ብዙ ሲያገኝ፣ ደን የሸፈነውና ያልተለካው አገር ጥቂት ማግኘቱ የማይቀር ነበር። ሁለተኛው፣ ቦርዱ የሹማምንት ጉባኤ እንጂ የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮ አልነበረም። ገንዘቡን የሚሰበስበው የገንዘብ ሚኒስቴር፣ የሚያወጣው የትምህርት ሚኒስቴር፣ ተቈጣጣሪው ቦርዱ ሲሆኑ፣ ሦስቱን በአንድ መዝገብ የሚያገናኝ ሠራተኛ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልተመደበም።

በ1950ዎቹ ማለቂያ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራ ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። ሕዝቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ የበኩሉን እንዲያዋጣ፣ የቀረው በእርዳታ እንዲሟላ ተወሰነ። በዚህ መንገድ በመላ አገሪቱ በሺ የሚቈጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ተሠሩ። ይህ አሠራር በየመንደሩ አዲስ ዓይነት ሒሳብ ፈጠረ። ማን ስንት ብር አዋጣ፣ ማን ስንት ቀን ድንጋይ ተሸከመ፣ ስንት ቆርቆሮ መጣ፣ ስንቱ ተመታ፣ ስንቱ ተረፈ የሚለው ሁሉ መጻፍ ነበረበት። መዋጮው በመዝገብ በሰፈረበት መንደር ሕዝቡ ለሁለተኛ ክፍል ግንባታ በፈቃዱ ይወጣል፤ ባልሰፈረበት መንደር ግን የመጀመሪያው ጣሪያ ሳይመታ ሐሜት ይጀመራል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ለአውራጃዎች የበለጠ ሥልጣን ለመስጠት ያለመ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡን የሚያስገኝላቸው ሕግ በፓርላማው ሳይጸድቅ ስለ ቀረ ትእዛዙ ያለ ገንዘብ ሥልጣን ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናትም የትምህርትን ወጪ አጥብቆ ያሰላ ሰነድ ነበር። ነገር ግን ስሌቱ ለመምህሩና ለወላጁ በሚገባው ቋንቋ አልቀረበም፤ በ1966 ዓ.ም. የካቲት በመምህራንና በሕዝቡ ተቃውሞ ቆመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የትምህርት ወጪ ሒሳብ ከቢሮ ወጥቶ ለባለ ጉዳዩ ካልተነገረ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ አይታመንም።

ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን ሲረከብ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆንና የቀድሞው የመሬት ግብር እ.ኤ.አ. በ1976 በአዋጅ ቁጥር 77 ሲተካ የትምህርት ግብሩ የቆመበት መሠረት ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1975 የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ደግሞ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ደነገገ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1984 በአዋጅ ቁጥር 260 ተጠናከረ። ከአካባቢው ሕዝብና ከመምህራን የተውጣጡ ኮሚቴዎች የትምህርት ቤቱን ገቢ የማሰባሰብ፣ ሕንፃውን የማስፋፋትና ንብረቱን የመጠበቅ ኃላፊነት ተጣለባቸው።

የዚያ ዘመን መስፋፋት ፍጥነት በቁጥር ሲታይ የሥራውን ክብደት ያስረዳል። በ1967 ዓ.ም. 957,000 ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ብዛት በ1978 ዓ.ም. ወደ 2,450,000 ተጠጋ። በ11 ዓመት ውስጥ ሁለት እጥፍ ተኩል በሆነው ተማሪ ልክ መጽሐፉም፣ ዴስኩም፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩም መብዛት ነበረበት። የትምህርት መሣሪያዎች ማምረቻና ማከፋፈያ ድርጅት መጻሕፍቱን ቢያትምም፣ ከአዲስ አበባ የተጫነው መጽሐፍ እስከ ማሻ ድረስ በየእርከኑ ርክክብ ይደረግበት ነበር። አንዱ እርከን ሲላላ መጽሐፉ በአንድ መጋዘን ሲከማች በሌላው በኩል ስድስት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ላይ ይጎነበሳሉ።

በዚሁ ዘመን መልካም አርአያ የሚሆን አንድ አደረጃጀት ታይቷል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱን በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የሰጠ ሲሆን ከነዚህም አንዱ ለሸካና ለከፋ ሕዝብ የሆነው ከፋ ሞቻ ነበር። ዘመቻውን የሚመራው አስተባባሪ ኮሚቴ ሥራውን በንዑሳን ኮሚቴዎች ከፈለ። አስተማሪዎችን የሚመለምለውና የሚያሠለጥነው አንድ፣ የትምህርት መሣሪያ የሚያቀርበውና የሚያከፋፍለው ሌላ፣ ቅስቀሳና እርዳታ የሚያስተባብረው ሌላ፣ መረጃ የሚሰበስበውና የምስክር ወረቀት የሚሰጠውም ሌላ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው ይህ ዘመቻ በሌሎች ገጽታዎቹ ልዩ ልዩ አስተያየት ሊሰጥበት ይችላል። የአቅርቦትና የመረጃ ሥራ ከማስተማር ተለይቶ ባለቤት ሲያገኝ ግን ሩቅ መንደርም ፊደል ገበታና እርሳስ ሊደርሰው እንደሚችል አሳይቷል።

በመደበኛው ትምህርት ቤት ግን ይህ ክፍፍል አልተደረገም። የኮሚቴው አባላት በቅን ልቦና የሚያገለግሉ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በዚያው ዘመቻ ነው። ከእነርሱ የባሕር መዝገብ አያያዝ መጠበቅ ፍትሕ አልነበረም፤ ስለዚህ ብዕሩ ተመልሶ ከርእሰ መምህሩ እጅ ገባ።

ከወረዳ እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ

በ1986 ዓ.ም. ሚያዝያ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ያልተማከለ እንዲሆን ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የወረዳውን፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዱን፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱንና የርእሰ መምህሩን ድርሻ ለያይቶ አስቀመጠ። በዚያው ወቅት ጥቅል በጀት በቀጥታ ለወረዳዎች መሰጠት ጀመረ። የመንግሥት ሒሳብ አያያዝም ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ ምዝገባ ተለወጠ።

ወረዳዎች ያላቸውን ጥቂት የሒሳብ ባለሙያ ለማብቃቃት ፑል የሚባለውን አሠራር ዘረጉ። በዚህ አሠራር የየሴክተሩ ክፍያ፣ ግዥና ሒሳብ በወረዳው ገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት በአንድነት ይከናወናል። ፑል ባለሙያ ለሌለው ወረዳ ብልህ መፍትሔ ነበር፤ የሒሳቡንም ጥራት ረድቷል። ነገር ግን ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ለሚርቅ ትምህርት ቤት አንድ ካርቶን ጠመኔ ለማስገዛት መምህር ክፍሉን ጥሎ መሄድ፣ ጭቃ መውጣትና ፊርማ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፓኬጅ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚሰጥ የትምህርት ቤት ድጎማ ይዞ መጣ። ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ፤ ትምህርት ቤቱም የማሻሻያ ዕቅድ አውጥቶ፣ ከወላጆች ጋር ተመካክሮ፣ ገዝቶና መዝግቦ ሪፖርት እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የራሱን ገንዘብ በራሱ ዕቅድ ማውጣት ቻለ። ይህ ትልቅ እድገት ነው። የሠለጠነው ሒሳብ ያዥ ግን አሁንም በብዙ ቦታ አልመጣም።

ማሻ በነዚህ ሁሉ ለውጦች ውስጥ አልፋለች። የትምህርት ቤቶችዋ ሪፖርት ወደ ጎሬ፣ ቀጥሎ ወደ መቱ፣ ከዚያም በደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዘመን እስከ ሐዋሳ ይሄድ ነበር። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይቀራል። ተቀባዩ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው እጅ አልተለወጠም፤ የርእሰ መምህሩ እጅ ነው።

በሌሎች አገሮች

የሌሎች አገሮች ታሪክ ተመሳሳይ ችግር እንዴት እንደ ተፈታ ያሳያል። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1841 የትምህርት ቤቶችን ገንዘብ፣ መዝገብና ሕንፃ የሚከታተል ሥራ አስኪያጅ ሾመች፤ የትምህርቱን ሥራ የሚመራው ሱፐርኢንቴንደንት የተሾመው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በዋሽንግተን የትምህርት ቤት ሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቁሞ አንድ ወጥ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ቅጽ እንዲኖር መሥራት ጀመረ። በእንግሊዝ አገር የ1988ቱ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ በጀትን ለየትምህርት ቤቱ ባስረከበ ጊዜ፣ ቀድሞ በአብዛኛው በግል ትምህርት ቤቶች ይታወቅ የነበረው የገንዘብ ኃላፊ በተራው ትምህርት ቤትም አስፈላጊ ሆነና በጊዜ ብዛት የራሱ ሥልጠና ያለው ሙያ ሆነ። በፈረንሳይ የመንግሥት ሒሳብ ሥርዓት ደግሞ ክፍያን የሚያዘውና ገንዘቡን የሚከፍለው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው።

እነዚህ አገሮች ከኢትዮጵያ የተለየ ሀብት አላቸው፤ አሠራራቸውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ነገር ግን የሁሉም ታሪክ አንድ ነገር ይመሰክራል። በጀት ለትምህርት ቤት ሲሰጥ የበጀቱ ባለሙያም አብሮ ይታሰባል።

ሥራው የሚጠይቀው ችሎታ

የትምህርት ቤት ሒሳብና ንብረት ኃላፊ ሥራ ቁጥር ከመደመር ይሰፋል። በማሻና በአካባቢዋ ሁኔታ ሲታይ የሚከተሉት ችሎታዎች በተለይ ያስፈልጋሉ።

ሀ/ የጊዜ ስሌት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። የቡና አገር ወላጅ ግን ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ፣ የደጋው ወላጅ ደግሞ ማሩ ሲቆረጥ ነው። መዋጮ በመስከረም የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ባዶ ኪስ ያንኳኳል፤ ያንኑ መዋጮ ከለቀማው በኋላ የሚጠይቅ ግን ያገኛል። በለቀማ ወራት ልጆች ከክፍል እንደሚቀሩም የታወቀ ነው። ይህን የቀን መቁጠሪያ ከትምህርቱና ከበጀቱ ጋር አስማምቶ የገቢና የወጪ ዕቅድ ማውጣት የመጀመሪያው ችሎታ ነው።

ለ/ የገንዘብ አያያዝ። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት ከ300 አባወራዎች ከእያንዳንዳቸው 20 ብር ለመሰብሰብ ወሰነ እንበል፤ ሊሰበሰብ የሚገባው 6,000 ብር ነው። በዓመቱ መጨረሻ 262 ደረሰኝ ተቈርጦ 5,240 ብር ባንክ ገባ። የቀረው 760 ብር የ38 አባወራዎች ድርሻ ነው። የአባወራዎቹ ዝርዝር፣ የደረሰኙ ጉርድና የባንኩ ማስገቢያ ወረቀት ጎን ለጎን ሲታዩ ያልከፈሉት እነማን እንደ ሆኑ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታወቃል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን 760 ብሩ አልተከፈለ ይሁን ጠፍቶ ይሁን ማንም ሊመልስ አይችልም። ንጹሕ መምህር በሐሜት የሚጎዳው በዚህን ጊዜ ነው።

ሐ/ የንብረት አያያዝ። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲጠየቅ በሞዴል 20፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሥርዓት ነው። መጽሐፍ በስጦታ መጣ ተብሎ ያለ ሞዴል 19 ከመጋዘን ከገባ፣ ኋላ ሲጠፋ ጠፋ ለማለት እንኳ ማስረጃ የለም። በዝናባማው ደጋ ደግሞ ከሌባ ይልቅ እርጥበት ይብሳል። መጻሕፍቱን ከወለል ከፍ አድርጎ በመደርደሪያ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳ ማራቅና በበጋ ማናፈስ የዚሁ ሙያ ክፍል ነው።

መ/ የሕንፃ ጥገና። የጭቃ ግድግዳ ከክረምቱ በፊት ካልተመረገ፣ አንድ የቆርቆሮ ሚስማር በጊዜው ካልተመታ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠየቀው ገንዘብ የጥገና ሳይሆን የአዲስ ሕንፃ ነው። የጥገና መርሐ ግብር በበጋ እንጂ ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ አይወጣም።

ሠ/ የውስጥ ገቢ አስተዳደር። የእርሻ ወይም የቡና ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ምርቱን በምን ያህል ዋጋ፣ ለማን፣ በማን ፊት እንደሚሸጥ መወሰን አለበት። የተማሪ ጉልበት የገባበት ምርት ከሆነ ሒሳቡ ለተማሪዎቹም ሊነገር ይገባል፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ረ/ ሒሳብን ለሕዝብ ማስረዳት። ሪፖርቱ ወደ ላይ ለወረዳው ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን ለወላጁም መቅረብ አለበት። በወላጆች ስብሰባ በሚገባ ቋንቋ፣ ይኸውም በሸካ አገር በሸክኛም ጭምር፣ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን መናገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ያልተማረ ወላጅ ባለ ብዙ ዓምድ ሰንጠረዥ ላይከተል ይችላል፤ የተገዛውን ዴስክ ቆጥሮ ከተነገረው ዋጋ ጋር ለማነጻጸር ግን አያዳግተውም።

ርእሰ መምህሩ ለምን ብቻውን ሊይዘው አይገባም

ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ተቃውሞ አለ። ትንሽ ትምህርት ቤት ትንሽ ገንዘብ ስላለው ለዚህ ሰው መቅጠር ብክነት ነው ይባላል። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ሁለት መቶ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት አንድ ሙሉ የሒሳብ ሹም መመደብ አቅም አይፈቅድም። ነገር ግን አሁን ያለውም አሠራር ነፃ አይደለም። ርእሰ መምህሩ በመዝገብ ላይ ሲውል የክፍል ጉብኝት ይቀራል፤ መምህሩ ለግዥ ሲላክ ክፍሉ ያለ አስተማሪ ይውላል። ይህ ወጪ በየትኛውም ባሕር መዝገብ ስለማይሰፍር ብቻ የሌለ ይመስላል።

ሌላም ጉዳት አለ። ገንዘብ የሚያዘው፣ የሚይዘውና የሚመዘግበው አንድ ሰው ሲሆን ሐቀኛው እንኳ ሐቀኝነቱን ማስመስከር አይችልም። ንብረት ሲጎድል ዝውውር ያገኘ ርእሰ መምህር ርክክብ ሳይፈጽም፣ ከዕዳ ነፃ የሚል ወረቀት ሳይዝ ወራት ይጉላላል። በዚህም የተነሣ ጎበዝ መምህራን ርእሰ መምህርነትን መሸሻቸው፣ የተሾሙትም ድጎማውን በፍርሃት ሳያወጡ ማቆየታቸው አይቀርም። ባንክ ተኝቶ የከረመ ገንዘብ ደግሞ ኦዲተርን ያስደስት ይሆናል እንጂ ልጅን አያስተምርም።

ማጠቃለያ

ከላይ የታየው ታሪክ ሦስት ተግባራዊ አሳቦችን ያመለክታል።

አንደኛ፣ የጉድኝት አደረጃጀት በአገሪቱ የታወቀ ነው። በአካባቢያቸው የሚቀራረቡ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ለመምህራን ሥልጠና እንደሚገናኙ ሁሉ፣ አንድ የሠለጠነ የሒሳብና ንብረት ባለሙያ በጋራ ሊኖራቸው ይችላል። ፑል በወረዳ ደረጃ የሠራው ሥራ ወደ ትምህርት ቤቱ አንድ እርከን ወርዶ ቢሠራ፣ ባለሙያው በሳምንት አንድ ቀን በየትምህርት ቤቱ ተገኝቶ መዝገብ ሲዘጋ መምህሩ ወደ ወረዳ ከተማ የሚያደርገው ጉዞ ይቀራል። አካሄዱ በጥቂት ጉድኝቶች ተሞክሮ፣ የተመለሰው የማስተማሪያ ሰዓት ከባለሙያው ደመወዝ ጋር ቢነጻጸር ዕቅድ አውጪዎች በማስረጃ ሊወስኑ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ባለሙያ እስኪገኝ ድረስም ቢሆን ሦስቱን እጆች መለየት ይቻላል። ርእሰ መምህሩ ይዘዝ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ የመረጠው ሰው ይያዝ፣ ሌላ ሰው ይመዝግብ። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ በጀት ሳይሆን ውሳኔ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የርእሳነ መምህራንና የእጩ መምህራን ሥልጠና የሒሳብና የንብረት አያያዝን በተግባር ሊያካትት ይገባል። በአካባቢው የሚገኙት የቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የቀረቡ ተቋማት ናቸው። እጩው ከመመረቁ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሞዴል 19 በእጁ ቢሞላና የባንክ ሒሳብ ቢያስታርቅ፣ በመጀመሪያው የሥራ ዓመቱ ከሚማረው መራራ ትምህርት ይድናል።

በ1940 ዓ.ም. ግብሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሚቴው፣ በ1994 ዓ.ም. መመሪያው፣ በ2001 ዓ.ም. ድጎማው በየተራ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተዋል። ከእያንዳንዳቸው ጋር መጋቢው ሊመጣ ይገባ ነበር። በማሻ ደጋ ላይ ያለ አንድ መምህር ማክሰኞ ጠዋት ከክፍሉ የሚገኘው ወይም የማይገኘው የዚያን ዕለት ደረሰኙን የሚያወራርድ ሌላ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ነው፤ የትምህርት ጥራት ሲታቀድ ይህም ከዕቅዱ መስመሮች እንደ አንዱ ሊቈጠር ይገባል።